ጀልባው ላይ ያላወቀችው እሷ ብቻ ናት

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ሻንጣው አልዘጋ ብሏል። ትዕግስት ላዩ ላይ ተቀምጣለች፣ እኔ ዚፑን እጎትታለሁ፣ አማቴ እማማ ሙሉ፣ ሶፋው ላይ ሆነው ይስቁብናል። ሳቃቸው መሃል ላይ ሳል ይሆናል። ሳሉ እስኪያልፍ ሁለታችንም ዚፑን እናያለን።

እንግዲህ ማስታወሻዬ፣ ሐኪሙ የሚያበሽቅህን ሁሉ ጻፈው፣ ግፊትህ ይወርዳል ብሎኛል። የዛሬው ብሽቀት ስሙ ዛንዚባር ነው። የሚስቴ መ/ቤት፣ ኢንሹራንስ ነው፣ ዘንድሮ ብዙ የሸጡትን ከነትዳር ጓደኞቻቸው ወደ ደሴት ይልካል። ትዕግስት አንደኛ ወጣች። ጎበዝ ናት፣ ለባሕታዊም ቢሆን የመኪና ዋስትና ትሸጣለች። እኔ ግን አብነት ያለውን ጋራዤን ዘግቼ፣ ቁምጣ ለብሼ አሸዋ ላይ ምን ልሆን ነው? የጋራዥ ሰው እግር ፀሐይ አይቶ ያውቃል?

አልሄድም ያለችው እሷ ነበረች። የእማማ ልብ ደክሟል። እግራቸው ያብጣል። ከኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ የሚወርዱት ሐኪም ቤት ለመሄድ ብቻ ነው። ሂጂ ብዬ የገፋፋኋት እኔ ነኝ። እበሽቃለሁ እንጂ ክፉ አይደለሁም። ስንት ዓመት ሙሉ ከሥራ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ ሥራ። ጥቂት ቀን እንኳ ትተንፍስ። እማማም፣ ዛሬ ነገ የምሞት መሰለሽ ወይ ብለው ተቆጧት። ታላቅ ወንድሟ ጌታቸው ከነሚስቱ መጥቶ ሊጠብቃቸው ነው።

ልብስ ስታጣጥፍ ቆየችና እጄን ያዘች። አባቷ የሞቱ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ነበረች፣ ፈተና ላይ። ትጨርስ ተብሎ ተደበቀባት። ተቀብረው፣ ሠልስቱ ወጥቶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ ነው የሰማችው። የደበቃት ጌታቸው ነው። እስከ ዛሬ ከልቧ ይቅር አላለችውም። ሲሳሳቁ እንኳ በመሃላቸው አንድ ነገር አለ።

«እማዬ አንድ ነገር ከሆነች፣ በዚያው ሰዓት ትነግረኛለህ። ማልልኝ» አለችኝ።

ልደታን አልኳት። ይህን ሁሉ ዓመት በደጇ ስኖር በእሷ ምዬ አላውቅም ነበር።


ረቡዕ፣ ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም

ጠዋት ትዕግስት፣ ት. ልበላት፣ ቤ/ክ ተሳልማ መጣች። ከዚያ አየር ማረፊያ። ከዚያ ሙቀት። ገና ከአውሮፕላኑ ደረጃ ሳልወርድ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ።

አራት ጥንድ ነን። መሪያችን ሰላም ናት፣ የሽያጭ ኃላፊ። ፊሽካ ብቻ ነው የጎደላት። ተሰለፉ፣ ተቆጠሩ፣ ፎቶ ተነሱ። አንድ ሆዳም ባልደረባ አለ፣ በሽያጭ ሁልጊዜ ት.ን የሚከተል። አንደኛ በመውጣቷ እንኳን ደስ አለሽ ያላት በጥርሱ ብቻ ነው።

ሆ/ሉ ጥሩ ነው። አልጋው ላይ ፎጣ በዳክዬ ቅርጽ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ።


ሐሙስ፣ ጥር 22

ጠዋት ስነሳ ባሕሩ የለም። እውነቴን ነው፣ ሄዷል። እስከ ሩቅ ድረስ እርጥብ አሸዋ ብቻ። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው የባሕር ሣር ይለቅማሉ። ከሰዓት ተመልሶ መጣ።

ት. ውሃ ውስጥ ገባች። ዋና አትችልም፣ እኔም አልችልም። እስከ ጉልበቷ ትገባና ማዕበሉ ሲመጣ እየጮኸች ትሮጣለች። እንደገና ትገባለች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ። ለእማማ በቪዲዮ ደወለች፣ ስልኩን አዙራ ባሕሩን አሳየቻቸው። እማማ ባሕሩን ትተው፣ ምነው ራቁትሽን አሏት። እጅጌ የሌለው ቀሚስ ነው የለበሰችው።

ነገ የደሴቱን ዙሪያ ጉብኝት ነው። ሰላም ፕሮግራሙን አነበበችልን፤ ቅመም እርሻ፣ ጀልባ፣ ትልልቅ ኤሊዎች፣ ምሳ ባሕር መሃል አሸዋ ላይ። ደስ ብሎኛል። ሐኪሙ ደስ የሚልህን ጻፍ አላለኝም፣ ግን ይኸው።


ዓርብ፣ ጥር 23፣ ከቁርስ በፊት

ጌታቸው ደወለ። በእሷ ሳይሆን በእኔ ስልክ። ስሙን ሳየው ገባኝ።

ሌሊት እማማ ሙሉ አርፈዋል። በእንቅልፋቸው።

እኔ በረንዳ ላይ ነኝ። ት. ሻወር ውስጥ ናት። እያንጎራጎረች ነው።

ጌታቸው እያለቀሰ ያዛል። እንዳትነግራት። በሰው አገር፣ በባሕር መሃል ብትወድቅ ማን ያነሳታል። መርዶ በአገር ነው፣ በዘመድ መሃል፣ ሲነጋጋ። እሑድ ስትመጡ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ እኔ ቤት ታሳድራታለህ፣ በልታ ትተኛ፣ ሰኞ ማለዳ እንመጣለን። ሠልስቱም ያን ቀን ነው። ስልኳን ሸሽግ፣ አንዱ ነፍስ ይማር ብሎ ይጽፍባታል። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት። የጅማዋ አክስት እስኪደርሱ ተብሎ ለነገ ተደረገ።

ለጅማዋ አክስት ቀብሩ ይቆያል። ለልጅየዋ አይቆይም።

ዛሬ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ አውሮፕላን አለ። አሁን ብነግራት፣ አሁን ሻንጣ ብናነሳ፣ እንደርሳለን። ነገ እናቷን ትሸኛለች። ይህንኑ ነገርኩት። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን በአንተ ነው አለኝ።

እሺ አልኩት። እውነቱን ልጻፍ፣ እሺ ስል ቀለል አለኝ። መርዶ ነጋሪ መሆን ፈርቼ ነበር፤ ሌላ ሰው ተው ሲለኝ ተገላገልኩ።

ሻወሩ ቆመ።


ዓርብ፣ አውቶቡስ ውስጥ

ስልኳን የወሰድኩት እንዲህ ነው። ዛሬ የእኔ ብቻ ሁኚ፣ ሥራ የለም፣ ቤት የለም፣ ስልክ የለም አልኳት። ፍቅር መሰላት። ሳመችኝና ራሷ አጥፍታ ሰጠችኝ። ለእማዬ ግን ደውዬ ነው አለች። አሁን ጌታቸው ደውሎ ነበር፣ እንቅልፍ ላይ ናቸው ብሎኛል አልኩ።

ኪሴ ውስጥ ሁለት ስልክ። መኪናው ሲንገጫገጭ ይጋጫሉ።

ቅመም እርሻው ላይ አስጎብኚው ቅጠል እየቀጠፈ፣ ቅርፊት እየላጠ ያስሸትተናል። ይሄ ምንድነው ይላል። ቀረፋ፣ ሄል፣ ቅርንፉድ። ት. ከሁሉም ትቀድማለች። ሠራተኞቹ ከዘንባባ ቅጠል አክሊል ሠርተው ደፉላት። ለእማማ ሻይ ብላ አንድ ከረጢት ቅርንፉድ ገዛች። እኔ ያዝኩላት። ሌላ ምን ላድርግ?

አውሮፕላኑ ገና ነው። አሁንም ይደረሳል።

ከእርሻው በር ላይ ሁለት ሴቶች ሂና ይቀባሉ። እንደኛ እንሶስላ ነው፣ ግን ጥቁር፣ አበባ አበባ። ሰላም ተቀባችና ት.ን ጎተተቻት። ት. ወደኔ ዞራ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሙሽራ ልምሰል እንዴ አለች። ሴቶቹ ለብዙ ቀን አይለቅም ይላሉ። የሰኞ ጠዋት ታየኝ፤ ጥቁር ልብስ፣ ለቀስተኛ፣ እነዚህ እጆች። አይሆንም ማለት ነበረብኝ። አይሆንም ብል ለምን ትለኛለች። ለምን ካለችኝ ደግሞ መልሱ አንድ ነው። ተቀቢ፣ ያምርብሻል አልኳት።

ከጣቶቿ ጫፍ እስከ ክንዷ ሳሉት። ቆሜ አየሁ። አንተ ግም፣ አንተ ፈሪ፣ እያልኩ ቆሜ አየሁ።


ዓርብ፣ ጀልባ ላይ

ስንሳፈር ሰላም ክንዴን ያዘች። ዓይኗ ቀልቷል። ከመ/ቤት በቴሌግራም ደርሷታል፣ ለሌሎቹም ደርሷቸዋል። ምን እናድርግ አለችኝ። ጌታቸው ያለውን ነገርኳት። ልክ ነው፣ ልክ ነው፣ በአገሯ ይሻላል አለች። እሷም የቀለላት መሰለኝ።

እና ጀልባው ላይ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ያላወቀችው እሷ ብቻ ናት።

ሁሉም ደግ ሆነ። አንዷ ጃንጥላ ትይዝላታለች፣ ሌላው የውሃ ክዳን ይከፍትላታል። ያ ሆዳም ባልደረባዋ ማንጎ እየላጠ ያጎርሳታል። ቀልድ ይቀለዳል፣ ከቀልዱ በላይ ይሳቃል። የአንዷ ሳቅ መሃል ላይ ተበላሸባት። ጀልባው አዞረኝ ብላ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። ት. ተነስታ ጀርባዋን ታሻሽላታለች። አይዞሽ ትላታለች። አጽናኟ እሷ ሆነች።

ቆይታ ጠጋ አለችኝ። ዛሬ ሰዎቹን ምን ነካቸው፣ እንዲህ ይወዱኝ ነበር እንዴ አለች። አንደኛ ስለወጣሽ አክብረውሽ ነው አልኳት። ደስ አላት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አላት።


ዓርብ፣ ኤሊዎቹ ዘንድ

ትንሽ ደሴት ናት። ዛፍ ሥር ተቀምጬ እጽፋለሁ። ኤሊዎቹ የጋራዤ ጎማ ያክላሉ። ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል፣ መቶን ያለፉ አሉ። ት. ጎመን ታበላቸዋለች። ለእማዬም የዚህን ዕድሜ በሰጣት አለች።

ልነግራት ተነሳሁ። የእውነት ተነሳሁ። ነይ አልኳት፣ መጣች። እጇ ጎመን ጎመን ይላል። ትዕግስት አልኳት። ወዬ አለች። ከኋላዋ ሰላም ቆማ ራሷን በአሉታ ትነቀንቃለች፣ በዓይኗ ትለምነኛለች። ትዕግስት አልኳት ደግሜ። ምነው፣ ፊትህ ልክ አይደለም፣ ግፊትህ ነው እንዴ አለች፣ ግንባሬን ዳሰሰች። ውሃ ጠማኝ አልኳት። ልታመጣልኝ ሮጠች።

ምሳው ባሕር መሃል ያለች አሸዋ ላይ ነው። ዓርብ ነው ብላ ዓሣውን አልነካችም፣ ሩዝ ትበላለች። ስንበላ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ት. ቀና ብላ እጇን አውለበለበችለት። እኔ ሳህኔን አያለሁ። አለቀ። ከእንግዲህ ብነግራትም ቀብር አይደረስም።


ቅዳሜ፣ ጥር 24

ዛሬ ስልኬን ብላ ያዘችኝ። ትናንት ጀልባ ላይ ውሃ ገባበት፣ ሩዝ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ እስኪደርቅ አይነካም አልኳት። የጋራዥ ሰው ነኝ፣ ስለ ዕቃ ስናገር ታምነኛለች። በእኔ ስልክ ጌታቸው ጋ ደወለች። እማማ መድኃኒት ወስደው ተኝተዋል አላት። ከዘጋች በኋላ ድምፁ ልክ አይደለም አለች። ጉንፋን ነው አልኩ። ከኋላው ብዙ ሰው አለ አለች። ቀኑ ተክልዬ አይደል፣ ጎረቤት ዝክር ይኖራል አልኩ።

ውሸት እንዲህ ይቀናኛል ብዬ አላስብም ነበር።

«አልደበቅከኝም አይደል?» አለችኝ። አልደበቅኩሽም አልኳት። «ምለህልኛል እኮ» አለች፣ ከዚያ ወዲያው አመነችኝ። እንዲህ በቶሎ ባታምነኝ ይሻለኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ሐበሻ የተቀጣጠረ ይመስል ዝም አለ። ሰላም ፊቷን በፎጣ ሸፍና ተጋደመች። እኔ ወደ ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። እማማ ሙሉ አማቴ ብቻ አልነበሩም። ጋራዡ ባዶ በነበረ ጊዜ፣ ት. ሳታውቅ፣ የምሳ ሳህኔን ከእሳቸው ሳህን እየሞሉ ያበሉኝ ነበር። እኔም አልቀበርኳቸውም።

ስወጣ ት. ውሃ ውስጥ ናት። ና እያለች ትጣራለች።


እሑድ፣ ጥር 25

ገባን። ጌታቸው አየር ማረፊያ ቆሞ ይጠብቃል፣ ጥቁሩን አውልቆ ቀይ ሹራብ ለብሷል። ት. ቀጥታ ቤት ልደታ ልሂድ አለች። እማማ ትንሽ አሟቸው ሆስፒታል አስተኝተናቸዋል፣ የሚያስገቡት ጠዋት ነው አላት። ፊቷ ተለዋወጠ። ለምን አልነገራችሁኝም አለች። ወደኔ አየች። እኔም አሁን መስማቴ ነው የሚል ፊት አሳየኋት። ፊትም ይዋሻል።

ጠ/ያዥ ወሰድናት። የጅማዋ አክስት ጓዳ ውስጥ ናቸው፣ ት. እንዳታያቸው። መርዶ በባዶ ሆድ አይሆንም፣ ትብላ እያሉ በሹክሹክታ ያዛሉ። አልበላም አለች። እኔ አጎረስኳት። ከእኔ እጅ በላች።


ሰኞ፣ ጥር 26

ሲነጋጋ መጡ። ጥቁር የለበሱ፣ ደረጃው ላይ የሚተራመሱ እግሮች። ት. ሰምታ ተነሳች፣ በሩን ራሷ ከፈተችው። አየቻቸው። መናገር አላስፈለገም። ጩኸቷን እዚህ አልጽፈውም።

ጌታቸው ሊይዛት ሲል ገፈተረችው። አባቴንም እናቴንም አለችው። መቼ ነው የሞተችው አለች። ዓርብ። የተቀበረችውስ? ቅዳሜ። ቅዳሜ፣ ቅዳሜ እያለች ደጋገመችው። ውሃ ውስጥ ነበርኩ አለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

ጌታቸው ቀደመኝ። እሱም አሁን ነው የሰማው፣ ለእሱም አልነገርነውም አለ። ለእኔ ብሎ ነው፣ ትዳሬን ሊያተርፍልኝ። ስድቡን ሁሉ ብቻውን ሊሸከም ነው። ውሸቱን ተቀበልኩት።

መጥታ ደረቴ ላይ ወደቀች።

«አንተንም እንደኔ አታለሉህ» አለችኝ። «አንተማ ብትሰማ ትነግረኝ ነበር።»

ቀኑን ሙሉ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። እጆቿን ነጠላ ሥር ደብቃለች። አንዲት የእድር ሴት አዩባትና ከንፈራቸውን መጠጡ። አመሻሽ ላይ በረኪና አምጣልኝ አለች። አመጣሁላት። ፈተገች፣ ቆዳዋ ቀላ፣ አበባው ንቅንቅ አላለም። ብሰማ ኖሮ እቀባው ነበር እንዴ ትለኛለች። ተቀቢ ያልኩት እኔ መሆኔን እንኳ ረስታዋለች።


ማክሰኞ፣ ጥር 27

መድኃኒቴን አልወሰድኩም። ረስቼው አይደለም፣ አልወሰድኩም።

ከመ/ቤት መጡ። ሰላም፣ ያ ባልደረባ፣ ጀልባው ላይ የነበሩት ሁሉ። ሰላም አቅፋት እያለቀሰች፣ ያን ቀን እንዴት እንደቻልነው የምናውቀው እኛ ነን አለች። ዓይኔን አየችና ደንግጣ ዝም አለች። «ምን? የትኛውን ቀን?» አለች ት. ሰላም ስለ እማማ ደግነት ማውራት ጀመረች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት። ለጊዜው አለፈ። ግን የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፣ አንድ ቀን አንዱ አፍ ያመልጠዋል።

ጌታቸው ደረጃ ላይ ያዘኝ። ዝም በል አለኝ። እኔን ጠልታኛለች፣ ዘመዱን ሁሉ ጠልታለች፣ ብትነግራት ማን ይቀራታል አለኝ። እውነት አለው። ይህ ነው የሚያስፈራኝ፣ እውነት አለው። ከትናንት ጀምሮ ከእኔ በቀር ከማንም እጅ አልጎረሰችም። ቅድም ትከሻዬ ላይ ተደግፋ፣ ከዚህ ሁሉ ውሸታም መሃል አንተን ብቻ አተረፈልኝ አለች።

ስጽፍ ቆም እያልኩ አስባለሁ። አባቷን ለእሷ ብለው ደበቋት። እናቷን ለእሷ ብለን ደበቅናት። አሁን ደግሞ ለእሷ ብዬ ባሏን እየደበቅኋት ነው። የምታቅፈው ሰው ሌላ ነው፣ የእኔን ልብስ የለበሰ።

እነግራታለሁ። የበረንዳውን ስልክ፣ የከሰዓቱን አውሮፕላን፣ ሂናውን፣ ሁሉንም። ጌታቸው በአንተ ነው ብሎኝ ነበር፣ በእኔ ይሁን። ሂድ ካለችኝ ልሂድ። ጋራዡ ውስጥ አልጋ አለ። ከሌላ አፍ ሰምታ ከምትተወኝ፣ ከእኔ አፍ ሰምታ ብትተወኝ ይሻላል።

ለቀስተኛው ወጣ። መጣች፣ አጠገቤ ተቀመጠች። መድኃኒትህን ወሰድክ ወይ አለችኝ፣ ምን ትጽፋለህ አለችኝ። ይቺን ልጨርስና የምነግርሽ አለ አልኳት።

እሺ ብላ እየጠበቀችኝ ነው።